የሞተር ማውንቲንግ ቡሽ በፕሬስ ሲቀየር፦ ዳሩን ግፉ፣ መሐሉን ተዉት

ፍሪሲዮን ለቃችሁ ስትነሱ ከእግራችሁ ስር አንዴ "ዷ" ይላል፣ ነዳጅ ስትለቁ ደሞ ሌላ "ዷ"። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ትራፊክ ውስጥ ቀስ እያላችሁ ስትሄዱ መኪናው ይንገጫገጫል፣ ሞተር ስታጠፉ ደሞ ተንዘፍዝፎ ነው ሚቆመው። ይሄን ነገር ሰው ሁሉ መጀመሪያ ፍሪሲዮን ነው ይላል፣ ቀጥሎ ካንዴላ፣ ቀጥሎ ቴስቲና (የእግሩ መጋጠሚያ)፣ ብዙ ብር ከወጣ በኋላ ነው አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ አይቶ "ይሄ ጎማ እኮ ተበጥሷል" ሚለው። የኔ ፔጆ 307፣ የ2005፣ 1.6 ቤንዚን ማንዋል፣ ልክ እንደዚ ነበር ያደረገው። አንድ ጋራዥ ሳያነሳው፣ ከታች ሳያየው፣ ቁጭ ብሎ ዞር ዞር አድርጎት ብቻ "ፍሪሲዮኑ አልቋል" ብሎ ዋጋ ሰጠኝ፣ ዋጋው ደሞ መኪናውን ልግዛህ ያለኝ ነው ሚመስለው።

ዛሬ ምጽፈው ስለ ታችኛው የሞተር ማውንቲንግ ነው፣ ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር ከሚይዙት አንዱ፣ በተለይ ስለ ቡሹ (ብረት የለበሰው ጎማ)፣ በተለይ በተለይ ደሞ ቡሹን በፕሬስ (በዘይት ግፊት ሚሰራ መግፊያ) ስለማስወጣትና ስለማስገባት። እዚ ጀርመን፣ ፍራንክፈርትና ኦፈንባኽ አካባቢ ያላችሁ ልጆች ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል፣ በስልክ "አይ ወደዛ አይደለም ገልብጠው፣ ገለበጥከው?" እያሉ ማስረዳት ደሞ አይቻልም። አዲስ አበባ ያላችሁም አንብቡት፣ መኪናው ይለያይ እንጂ ቡሽ ያው ቡሽ ነው።

307 ላይ ሞተሩ በሶስት ቦታ ነው ተይዞ ያለው። ሁለቱ ከላይ ናቸው፣ አንዱ በቀኝ በታይሚንግ ቤልቱ በኩል፣ ሌላው በግራ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ላይ ከባትሪው ስር፣ ክብደቱን ሚሸከሙት እነዚህ ናቸው። ሶስተኛው ከታች ከሞተሩ ጀርባ ነው ያለው፣ እሱ ክብደት ምናምን አይሸከምም፣ ስራው ሞተሩ ወደፊትና ወደኋላ እንዳይወዛወዝ መያዝ ብቻ ነው። አንዲት አጭር የብረት ክንድ አለች፣ አንዱ ጫፏ ሳብፍሬሙ (ከሞተሩ ስር ያለው የብረት ፍሬም) ላይ ይታሰራል፣ ሌላው ጫፏ ደሞ ከሞተሩ ጀርባ ያለ አልሙኒየም ብራኬት (መያዣ) ውስጥ ተጠቅጥቆ የገባ ክብ ቡሽ ላይ። የቀኙ ሴሚያክስ (ከካምቢዮው ጎማውን ሚያዞረው ዘንግ) በዚሁ ብራኬት ውስጥ ነው ሚያልፈው፣ መሐል ላይ ሚይዘው ኩሽኔታም እዛው ነው። ይቺን ያዟት፣ በኋላ ጣጣ ታመጣለች።

"ትንሽ ጎማ ናት ምን ታመጣለች" ሚል ሰው ካለ ሂሳቡን አብረን እንስራው። የዚህ ሞተር ትልቁ ቶርክ (የማዞር ጉልበት) 147 ኒውተን ሜትር ነው። አንደኛ ማርሽ ላይ ግን ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ይሄን ወደ 14 ጊዜ ገደማ ያባዙታል፣ ስለዚ መሬት ሚረግጠው ጎማ ጋ ሚደርሰው ወደ 2000 ኒውተን ሜትር ይጠጋል። ሞተሩና ካምቢዮው ደሞ አንድ ላይ የታሰሩ ናቸው፣ ጎማውን ወደፊት ሚያዞረው ጉልበት ያንኑ ያህል ሞተሩን ወደኋላ ሊገለብጠው ይፈልጋል። ክንዷ ከላይኞቹ ማውንቲንጎች ግማሽ ሜትር ያህል ዝቅ ብላለች ብትሉ እዛች ቡሽ ላይ ወደ 400 ኪሎ ጉተታ ያርፍባታል ማለት ነው፣ ነዳጅ ስትረግጡ ወደ አንድ ጎን፣ ስትለቁ ወደ ሌላ ጎን፣ በያንዳንዱ መብራት። ብዙ ሰው ሚሳሳተው የሞተሩን 147 ብቻ አስቦ ነው፣ ማውንቲንጉ ግን ሚከፍለው የተባዛውን ነው። ከዛ ላይ ሙቀቱን፣ ከላይ ሚንጠባጠብባትን ዘይት፣ የጀርመንን ክረምት ጨው ጨምሩበት፣ እስካሁን መቆየቷም ተመስገን ነው።

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ግን አረጋግጡ። ኮፈኑን ክፈቱ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማዎቹ ስር እንጨት ወይ ድንጋይ አድርጉ፣ ከመኪናው ፊትም ከኋላም ሰው እንዳይቆም፣ አንድ ሰው መሪ ጋ ቁጭ ብሎ ፍሬኑን ጥርቅም አድርጎ ረግጦ አንደኛ ያስገባና ፍሪሲዮኑን መያዝ እስኪጀምር ድረስ ቀስ ብሎ ይልቀቅ፣ ከዛ ሪቨርስ አስገብቶ እንደዛው። እናንተ ከጎን ሆናችሁ ሞተሩን እዩት። ትንሽ ዘንበል ማለቱ ጤና ነው፣ ጎማ ነዋ የያዘው። ዘሎ ከመጣና ድምፅ ካለው ግን አገኛችሁት። አውቶማቲክ ያላችሁ ፍሬን ይዛችሁ ከዲ ወደ አር ማመላለስ ይበቃችኋል፣ ነዳጅ ረግጣችሁ አትቆዩ፣ የካምቢዮው ዘይት በሰከንዶች ውስጥ ነው ሚግለው። ሞተር አጥፍታችሁ ከታች ገብታችሁ ክንዷን በረጅም ብረት ብትነቀንቋትም ይታያል፣ የተበጠሰ ቡሽ ብረቱ ከብረቱ ጋር ሲጋጭ እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል። በተረፈ መኪናው ቆሞ ማርሽ ሳይገባ ሚኒሞ ላይም ያለ ስርዓት ሚንቀጠቀጥ ከሆነ መጀመሪያ ካንዴላና ኮይል እዩ፣ ማውንቲንግ ቀይራችሁ ሞተሩ በሶስት ሲሊንደር ሲሰራ ብታገኙት እኔን እንዳትወቅሱኝ።

እዚ ሀገር ሚትቬርክሽታት ሚባል ነገር አለ፣ ለማታውቁት፣ በሰዓት ከፍላችሁ ሊፍቱን፣ ቁልፉን፣ ፕሬሱን ተከራይታችሁ ራሳችሁ ምትሰሩበት ጋራዥ ነው። ለኛ ሰው ከዚ ሀገር ነገሮች ሁሉ ይሄ አንደኛ ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም አብዛኞቻችን እጃችን ስራ ያውቃል ግን ሚኖረው አፓርትመንት ነው፣ ፓርኪንግ ላይ መኪና ፈታታችሁ ዘይት ብታፈሱ ጎረቤት ሳትጨርሱ ነው ፖሊስ ሚጠራው። ችግሩ ሰዓቱ ይቆጥራል። ስለዚ ብሎኖቹን ከዋዜማው ማታ ዳብሊውዲ 40 ወይ ሌላ ዝገት አላቃቂ ርጩባቸው፣ የጎማው መሐል ያለውን ትልቁን ዳዶ መኪናው መሬት ላይ ቆሞ ሳለ አላሉት፣ አዲሱን ቡሽ፣ አዲስ የጎማ መሐል ዳዶ፣ የሴሚያክሱን ኦይል ሲል (ዘይት ማገጃ ቀለበት) እና የካምቢዮ ዘይት አስቀድማችሁ ግዙ። መሐል ስራ ላይ ዕቃ ፍለጋ ከሄዳችሁ ሊፍቱ ላይ የተሰቀለው መኪናችሁ ኪራይ ይከፍላል።

አፈታቱን ብዙ አላስረዝመውም፣ ዩቱብ ላይ ሞልቷል። የካምቢዮ ዘይቱን ታፈሳላችሁ፣ ወደ 2 ሊትር ነው፣ ካላፈሰሳችሁት ሴሚያክሱ ሲወጣ ራሱ ደረታችሁ ላይ ይፈሳል። የታችኛውን ቴስቲና ታላቅቃላችሁ፣ ክንዷን ትፈታላችሁ፣ ከዛ የመሐሉን ኩሽኔታ የያዙትን ሁለት ዳዶዎች ታላላላችሁ። እነዚህ ብሎኖች ጭንቅላታቸው ወደ አንድ ጎን ያደላ ነው፣ ዳዶውን ትንሽ አላልታችሁ ብሎኑን ሩብ ዙር ስታዞሩት ጭንቅላቱ ኩሽኔታውን ይለቀዋል፣ ጨርሶ መፍታት አያስፈልግም። በወረቀት ላይ ቆንጆ ነው። መሬት ላይ ግን ኩሽኔታው ብረት፣ ብራኬቱ አልሙኒየም፣ መሐላቸው የዓመታት ጨውና እርጥበት፣ ስለዚ ተጋብተው ነው ሚጠብቋችሁ። እዚ ጋ ነው ሰው ሴሚያክሱን በጎን እየጎተተ የውስጠኛውን ጆይንት ሚነቅለው። አትጎትቱት። ብራኬቱን ሞቅ አድርጉት፣ ዝገት አላቃቂ ስጡት፣ ኩሽኔታውን ራሱን ከካምቢዮው በኩል ባለ ዳሩ ላይ በለስላሳ ብረት ዙሪያውን እየቀያየራችሁ ቸብ ቸብ አድርጉት፣ ትግስት ነው። ሲወጣ ብራኬቱን ከሞተሩ ጀርባ ትፈቱና ይዛችሁ ወደ ፕሬሱ።

አንዳንዱ ብራኬቱን ሳይፈታ እዛው መኪናው ላይ ረጅም የጥርስ ብረት፣ ቱቦና ዳዶ አድርጎ ቡሹን ስቦ ያወጣዋል። ይቻላል፣ ሲሰራም አይቻለሁ፣ ግን ቦታው ጠባብ ነው፣ ቡሹ ቀጥ ብሎ እየገባ መሆኑን አታዩትም፣ እና ሚለየው እዛ ላይ ነው። እኔ ፕሬስን ምመርጠው ጉልበት ስላለው አይደለም። ዐይናችሁ ስለሚያየው ነው።

ይሄን ያስተማሩኝ አዲስ አበባ ተክለሃይማኖት አካባቢ ጎረምሳ ሆኜ ረዳት የነበርኩበት ቶርኖ ቤት ሰውዬ ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ብቻ ነበር ምንላቸው። ፕሬሳቸው ከፋብሪካ የመጣ አይደለም፣ ከወዳደቀ ኤንትሬ (የድሮው የፊያት ጭነት መኪና) ሻንሲ ተቆርጦ የተበየደ አራት ማዕዘን ፍሬም ነው፣ መሐሉ ላይ የጭነት መኪና ክሪክ ቁጭ ብሏል፣ ክሪኩ ሲነሳ ሚገፋውን ብረት ወደቦታው ሚመልሱት ከበር ላይ የተፈቱ ሞላዎች ናቸው። በሷ ነበር የሰፈሩ ኩሽኔታና ቡሽ ሁሉ ሚወጣው ሚገባው። ሰው ቡሽ ይዞ ሲመጣ ጋሼ ክሪኩ ጋ አይሄዱም፣ መጀመሪያ አንድ የዘይት ቆርቆሮ ሙሉ የድሮ የኩሽኔታ ቀለበት አለቻቸው፣ መሬት ላይ ይዘረግፏትና አንድ በአንድ ቡሹ ላይ እየለኩ ይፈልጋሉ። ባለመኪናው ደሞ ይቸኩላል፣

"ጋሼ፣ በመዶሻ አንድ ሁለቴ ቢሉት እኮ ይገባል።"

"ይገባል። አንተ ጭንቅላትህን አንድ ሁለቴ ብልህ አንተም ትገባለህ።"

እና ያገኟትን ቀለበት ለኔ ይሰጡኝና "አየህ አንተ ልጅ፣ ዳሩን ነው ምትገፋው፣ መሐሉን አትንካው" ይላሉ። ጠቅላላ ትምህርቱ እሱ ነው። ቡሽ ማለት ውጪው የብረት ቀለበት ነው፣ መሐሉ ብሎን ሚያልፍበት ሌላ የብረት ቱቦ፣ በሁለቱ መሐል ጎማ አለ፣ ጎማው ሁለቱም ብረት ላይ በሙቀት ተጣብቆ ነው የተሰራው። ብራኬቱን አጥብቆ ሚይዘው የውጪው ቀለበት ነው። መሐሉን ከገፋችሁ ጉልበቱ ሁሉ በጎማው በኩል ያልፋል፣ ጎማውና ብረቱ የተጣበቁበት ቦታ ላይ በዓይን ማይታይ ስንጥቅ ይጀምራል፣ ቡሹ ገብቶ ቆንጆ ይመስላል፣ ከዛ ወራት ሳይቆይ "ዷ" ተመልሶ ይመጣል። "የቻይና ዕቃ ነው አይበረክትም" ተብሎ ሚታማው ቡሽ ግማሹ ገና ሲገባ የተገደለ ነው። ቻይናን ለመከላከል አይደለም፣ መጥፎ ቡሽማ አለ፣ ግን ጥሩውንም በመዶሻ ከገደላችሁት በምን ትለዩታላችሁ።

የፕሬሱ ጉልበት ከየት እንደሚመጣ ለማታውቁ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ክሪኩ ውስጥ ሁለት ፒስቶን አለ፣ አንዱ ቀጭን እጀታው ሚነዳው፣ ሌላው ወፍራም ወደላይ ሚወጣው፣ መሐላቸው ዘይት። ዘይቱ ላይ ያለው ግፊት ሁለቱም ጋ እኩል ነው፣ ስፋታቸው ግን አይደለም። የወፍራሙ ዲያሜትር የቀጭኑን አምስት እጥፍ ከሆነ ስፋቱ 25 እጥፍ ነው፣ ጉልበቱም 25 እጥፍ፣ እጀታው በርዝመቱ ሚጨምረው ደሞ ለብቻው። ሀሳቡን ወደ ማሽን ቀይሮ በ1795 ፓተንት ያወጣበት ጆሴፍ ብራማ ሚባል እንግሊዛዊ ቁልፍ ሰሪ ነው። ከ200 ዓመት በላይ ሆኖት እስካሁን መሰረቱ አልተለወጠም፣ ሚትቬርክሽታቱ ውስጥ ያለው ባለ 20 ቶን ፕሬስና የጋሼ የኤንትሬ ሻንሲ ልዩነታቸው ቀለሙና የግፊት መለኪያው ነው።

ወደ ስራው። መጀመሪያ አሮጌው ቡሽ ሳይነካ በስልካችሁ ከሁለቱም ጎን ፎቶ አንሱት፣ ብራኬቱ ላይ ደሞ በነጭ ማርከር መስመር አስምሩ። ለምን ብትሉ ቡሹ ድፍን አይደለም፣ ጎማው ላይ በተቃራኒ ጎን ሁለት ክፍተቶች አሉት። ክፍተቶቹ ያሉበት አቅጣጫ ለስላሳ ነው፣ ጎማው የሞላበት አቅጣጫ ጠንካራ፣ ፋብሪካው ሆን ብሎ ነው ሞተሩ በየት በኩል እንዲፈታ በየት በኩል እንዲያዝ የወሰነው። አዙራችሁ ካስገባችሁት ወይ መሪው ላይ ንዝረት ይወጣባችኋል ወይ ደሞ ሞተሩ እንደድሮው ይዘላል፣ እና ለማስተካከል ድጋሚ ሴሚያክስ ማውጣት ነው። ምን ያህል ጥልቀት እንደገባም በካሊፐር ለኩ፣ ከብራኬቱ ከንፈር ስንት ሚሊ ገባ ወይ ወጣ ብሎ እንዳለ።

ከዛ ብራኬቱን ፕሬሱ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ከስሩ ቡሹ ሚወድቅበት ወፍራም ቱቦ ያስፈልጋችኋል፣ የቱቦው ውስጥ ከቡሹ ውጪ ትንሽ ሰፋ ያለ፣ ብራኬቱን ደሞ በደንብ ሚደግፍ። ይሄ ከምታስቡት በላይ ወሳኝ ነው፣ አልሙኒየም ነው፣ በአንድ ጆሮው ብቻ ተደግፎ ከተገፋ ጆሮው ይሰነጠቃል፣ ብራኬቱ ደሞ ከቡሹ ብዙ ጊዜ ይወደዳል። ከላይ መግፊያው ከውጪው ቀለበት በትንሹ ያነሰ ትልቅ ቡሶላ ወይ የኩሽኔታ ቀለበት ይሁን። አሮጌውን ስታወጡ መሐሉን ብትገፉት ለቡሹ አታዝኑለትም፣ ሟች ነው፣ ግን ጎማው ብቻ ተቀዶ ይወጣና ቀለበቱ ብራኬቱ ውስጥ ይቀርላችኋል፣ ከዛ በሴጌቶ ከውስጥ በኩል መቁረጥ ነው፣ ብራኬቱን ሳትነኩ። ስለዚ እሱንም ቢሆን ዳሩን።

መነጽር አድርጉ። ከፕሬሱ ፊት ለፊት አትቁሙ፣ ጎን ሁኑ። እጀታውን ስትረግጡት መጀመሪያ ምንም አይሆንም፣ መርፌዋ ብቻ ትወጣለች፣ ትወጣለች፣ ፍሬሙ ትንሽ ይንቋቋል፣ ሰውነታችሁ ይሸማቀቃል፣ ከዛ ድንገት "ጧ!" እንደ ጥይት። ተሰበረ ብላችሁ ትደነግጣላችሁ። አልተሰበረም፣ የዝገቱ ሙጫ ነው የለቀቀው፣ መርፌዋ ወዲያው ትወርዳለች፣ ከዛ በኋላ ቡሹ በዝግታ እየተንሸራተተ ነው ሚወጣው። የኔው ሲለቅ መርፌዋ 5 ቶን እንኳን አልደረሰችም ነበር፣ ስለዚ ሰፈር ውስጥ ባለ 10 ቶን ካለ ይበቃል፣ ባለ 50 ቶን ፍለጋ ከተማ አትዙሩ። መርፌዋ እየወጣች እየወጣች ምንም ካልተንቀሳቀሰ ደሞ አትጨምሩ፣ አቁሙና ድጋፉን እዩ፣ ብዙውን ጊዜ ቱቦው ጠቦ ቡሹን ራሱን ደግፎት ነው ሚገኘው።

የወጣውን ቡሽ እጄ ላይ አገላብጬ አየሁት። ከላይ ሲያዩት ጎማው ጥቁር ደህና ነገር ነው ሚመስለው። መሐሉን በጣት ገፋ ስታደርጉት ግን ከአንደኛው ጎን ጎማው ከብረቱ ጨርሶ ተላቋል፣ የተላቀቀበት ቦታ ብረቱ በመፋተግ ብዛት እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፣ ዙሪያውን ደሞ ደቃቅ የጎማ ዱቄት አለ፣ ሞተሩ ሲወዛወዝ ኖሮ የፈጨው። ያ ጋራዥ ፍሪሲዮን ብሎኝ የነበረው ይሄ ነው።

ማስገባቱ ላይ ቀስ በሉ። የብራኬቱን ቀዳዳ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጽዱት፣ ዝገትና ነጭ የአልሙኒየም ዱቄት ይወጣል፣ ብዙ አትፈግፍጉት፣ ቀዳዳው ከሰፋ ቡሹ አይያዝም። ቡሹን ከዋዜማው ማታ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት። ቀልድ አይደለም። ዲያሜትሩን 60 ሚሊ ብላችሁ አስሉት፣ ብረቱ ከክፍሉ ሙቀት ወደ ከዜሮ በታች 18 ሲወርድ ወደ 3 መቶኛ ሚሊ ይጠባል፣ አልሙኒየሙን ደሞ 80 ዲግሪ አካባቢ ብታሞቁት ቀዳዳው ወደ 8 መቶኛ ይሰፋል፣ ሁለቱ ተደምረው ከአንድ አስረኛ ሚሊ ትንሽ ያልፋል። እንዲህ ጥብቅ ለሆነ ነገር አንድ አስረኛ ሚሊ ብዙ ነው። በሆት ኤር ጋን ነው ማሞቅ እንጂ በእሳት አይደለም፣ ጎማም ዘይትም አጠገብ ነው ያላችሁት። (ሚስቴ ፍሪዘሩ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ብረት ከስጋው ጎን ስታገኝ ምን እንዳለችኝ እዚ አልጽፍም።) ማለስለሻ ካስፈለገ የሳሙና ውሃ፣ ግራሶም የሞተር ዘይትም አትቀቡት፣ ተራ ጎማ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይላላል፣ ሳሙናው ግን ደርቆ ይጠፋል።

ነጩን መስመር አይታችሁ፣ ክፍተቶቹን አስተካክላችሁ፣ ቀለበቱን ዳሩ ላይ አስቀምጣችሁ መጀመሪያ ጥቂት ሚሊ ብቻ ግፉ። ቁሙ። ከዙሪያው እዩት፣ በአንድ በኩል ዘመም ካለ ወዲያው መልሱትና ድጋሚ ጀምሩ። "ሲገባ ይስተካከላል" ሚባል ነገር የለም፣ ዘምሞ የገባ ቀለበት አልሙኒየሙን እየላጠ ነው ሚሄደው። ቀጥ ብሎ ከጀመረ ግን ቀሪው ደስ ይላል፣ እጀታው ሳይከብዳችሁ ይንሸራተታል፣ የለካችሁት ጥልቀት ላይ ሲደርስ አቁሙ።

እዚች ጋ የጎማና የፖሊዩሬቴን (ከጎማ ጠንከር ያለ ፕላስቲክ) ጭቅጭቅ አለ። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ቢጫዋን ጠንካራዋን ካልገዛህ ብሎ ሲነዘንዘኝ ነበር፣ "ወንድሜ አንዴ አስገብተህ እስከመጨረሻው ትገላገላለህ" እያለ። እሱ መኪናውን ለሩጫ ነው ሚያዘጋጀው፣ ለሱ ልክ ነው። ለኔ አይሆንም። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በ750 ዙር ሚኒሞ ላይ በየዙሩ ሁለቴ ነው ሚተኩሰው፣ ማለትም በሰከንድ 25 ጊዜ ይገፋል፣ ያ ግፊት ወንበሩና መሪው ላይ እንዳይደርስ ሚያስቀረው ለስላሳው ጎማ ነው። ድሮ ሞተር በብረት ሻንሲ ላይ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ሰው ጥርሱ እየተንገጫገጨ ነበር ሚነዳው፣ ክራይስለር በ1931 ፕሊመዝ ላይ ሞተሩን ጎማ ላይ አንሳፎ ሲያወጣ ትልቅ ዜና ነበር፣ ሲትሮኤን ደሞ ፈቃዱን ገዝቶ የምትንሳፈፍ የውሃ ወፍ ስዕል ለጥፎበት ነበር ሚሸጠው። ሰው በስንት ልፋት ያገኘውን ልስላሴ እኔ በገዛ ብሬ ለምን ላጥፋው። ዋናው ቁም ነገር ጥሩ ፋብሪካ ምረጡ ነው፣ እንደ ኸቺንሰን ያሉት ለፈረንሳይ መኪና ፋብሪካዎች ራሱ ሚያቀርቡ ናቸው፣ ዋጋው ከርካሹ ብዙም አይርቅም። አዲስ ጎማ መጀመሪያ ሰሞን ከአሮጌው ይጠነክራል፣ ትንሽ ንዝረት ብትሰሙ አትደንግጡ።

ስትመልሱት ደሞ አንድ ነገር ብቻ ላስምርበት፣ የክንዷን ሁለት ብሎኖች መኪናው ተንጠልጥሎ ሳለ ጥርቅም አታድርጓቸው። በእጅ አስገቧቸው፣ መኪናውን መሬት አውርዱት፣ ሞተሩን በእጃችሁ ወደፊትና ወደኋላ ወዝወዝ አድርጋችሁ ራሱ ሚያርፍበትን ቦታ ይያዝ፣ ከዛ በቶርክ ቁልፍ በማኑዋሉ ልክ እሰሩ። ሞተሩ ተጣሞ እያለ ካሰራችሁት የቡሹ ጎማ መኪናው ቆሞም ቢሆን ሁልጊዜ እንደተጠመዘዘ ነው ሚኖረው፣ ዕድሜው እዛው ያልቃል። የጎማው መሐል ዳዶ ሁልጊዜ አዲስ፣ ኦይል ሲሉ አዲስ፣ የካምቢዮ ዘይቱ 75ደብሊው80። ሞልታችሁ ካልነዳችሁ ካምቢዮውን ነው ምትቀብሩት፣ ይሄን መሪው ላይ በወረቀት ለጥፉት።

አዲስ አበባ ላላችሁ፣ ኮሮላና ቪትዝ ምትነዱት የሞተር ማውንቲንጉ አብዛኛው ከነብራኬቱ ሙሉው ስለሚሸጥ ፕሬስ ላያስፈልጋችሁ ይችላል፣ ሶማሌ ተራ ገብታችሁ አሮጌውን አሳይታችሁ መግዛት ነው። የእግሩ አርም (ጎማውን ከመኪናው አካል ሚያያይዘው ክንድ) ቡሾች ግን ፕሬስ ይፈልጋሉ፣ ህጉም አንድ ነው። ቶርኖ ቤት ስትወስዱ ዕቃውን ጥላችሁ ቡና ልትጠጡ አትሂዱ፣ ቆማችሁ እዩ፣ ልጁ መዶሻ ሲያነሳ ካያችሁ "ወንድሜ ቀለበት አርግበት፣ ዳሩን ግፋው" በሉት፣ ደስ አይለውም፣ ግድ የለም። ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ተቀርጾ ሚሰራ ቡሽም ይሰጧችኋል፣ በርባሶ ጫማ ለእግር እንደሆነው ለሞተር ነው፣ ያስኬዳል፣ ግን ብረቱ ላይ ስላልተጣበቀ ውስጡ እየተሽከረከረ ይበላል። ዕቃው ጨርሶ ከጠፋ እስኪመጣ ድረስ ይሁን።

የኔ መኪና አሁን ሲነሳ ዝም ነው፣ ሁለተኛ ማርሽም ላይ ለስላሳ ሆኗል። ታችኛው ሲጠነክር ግን የግራው፣ የካምቢዮው በኩል ያለው ማውንቲንግ ድካሙ መታየት ጀምሯል፣ ሪቨርስ ሳስገባ ቀጠን ያለ ድምፅ አለ፣ እስካሁን በትልቁ "ዷ" ተሸፍኖ የነበረ። እሱ ፕሬስ አይፈልግም፣ ባትሪውንና የባትሪውን መቀመጫ አንስታችሁ ብሎን ፈቶ መቀየር ነው፣ ካምቢዮውን ከታች በክሪክ ደግፉት፣ በክሪኩና በካምቢዮው መሐል ጣውላ አስገቡበት፣ ባትሪ ስትነቅሉ ደሞ ራዲዮው ኮድ ሚጠይቅ ከሆነ ኮዱን አስቀድማችሁ ፈልጉ።